ፈረሶቹን ያደረስናቸው እኛ ነን

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ዘንድሮ ጥር ላይ ግን ፈረሶቹን ያደረስናቸው እኛ ነን። ሁለት ፈረስ፣ አንድ ተሳቢ፣ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ሦስት ሰው። ከሱሉልታ ተነስተን ቁልቢ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ባቢሌ፣ ከዚያ መልስ። ከገባን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። ወገቤ ግን ገና አልገባም።

ሐሳቡ የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ስምንት ዓመት ኖሮ፣ ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ኮሎራዶ ውስጥ ከብት ርቢ ላይ ሠርቶ መጣ። እዚያ ሰው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ፈረሱን ተሳቢ ላይ ጭኖ ጫካ ሄዶ ያድራል አለኝ። የተሳቢው የኋላው ክፍል የፈረስ ነው፤ የፊቱ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ አለው። ለፈረስ ጭምር የታጠረ ማደሪያ ያዘጋጁ የካምፕ ቦታዎች አሉ። ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ሲሻገሩ የፈረሱን የደም ምርመራ ወረቀት ይጠየቃሉ። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ «ጋሼ፣ እኛስ ምን ጎደለን?» አለ። የጎደለንን ብዘረዝርለት ይመሻል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እሺታ አደረገው።

ጀነሬተር ይጎተትበት የነበረ ተሳቢ ገዛ። ብየዳ ቤት ወስዶ ጎንና ጎኑን በብረት አስከበበው፣ መሃሉን አስከፈለው፣ ከኋላ እንደ ድልድይ የሚወርድ መወጣጫ አሠራለት። ለብየዳው ብቻ 85,000 ብር። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ላዩ ላይ አሮጌ የጎማ ምንጣፍና ጭድ። እኛ የምንተኛው ፒክአፑ ላይ በሸራ ጣሪያ ሥር ነው። ሦስተኛው ሰው ፈረሶቹን የሚጠብቅልን የሱሉልታ ልጅ ነው። ማዕረግ ሰጥተን «ባልደራስ» እንለዋለን። ያለሱ ቢሆን ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከአዋሽ ነበር።

ጥር 14፤ ሱሉልታ

ሌሊት 10 ሰዓት ልንወጣ ነበር። የወጣነው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው።

ባዝራዋ ቦራ ገብሱን አይታ ዘው አለች። ሰንጋው ዳማ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አሳረፈ፤ ጣውላው ድም አለ፤ በቃ። ከፊት ሳብነው፣ ከኋላ ገፋነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ደርቦ መካሪ ሆነ። አንዱ «ዓይኑን ሸፍኑት» አለ። ሸፈንነው። ይባስ ብሎ አጥሩን ሊያፈርስ ደረሰ።

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ሁላችንንም ዘወር በሉ አለን። ገመዱን ይዞ መወጣጫው ሥር ቆመ። ፈረሱ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ገመዱን ያላላለታል። ወደኋላ ሲል ጠበቅ ያደርጋል። አይጮህም፣ አይመታም። አርባ ደቂቃ እንዲህ ሆነ። ዳማው መወጣጫው ላይ ፋንድያውን ጣለ፣ አሸተተው፣ ከዚያ ማንም ሳያዘው ገባ።

የቀረውን ቀን አላወራውም። በ60 ነዳን። በየሦስት ሰዓቱ ቆምን። ፈረስ አንገቱ ቀና ብሎ ታስሮ ብዙ ከቆየ አቧራው ሳንባው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ በየማቆሚያው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያናፍሱ ገመዱን መፍታት አለብህ። ውሃም ያኔ ነው። አዋሽ አንድ ሆቴል ግቢ አደርን። ዘበኛው ለሰው ሳይሆን ለፈረስ ስንት እንደሚያስከፍል ግራ ገብቶት ሥራ አስኪያጁን ቀሰቀሰ። 300 ብር ተባለ፤ ለሁለቱ።

ጥር 15፤ ቁልቢ

ከጭሮ በኋላ መንገዱ ተራራ ለተራራ ነው። ሒርና፣ ጨለንቆ እያልን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቁልቢ ደረስን። ካምፕ ለማድረግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ታኅሣሥ 19 ቀን ያ ሁሉ ምዕመን ድንኳን የሚተክልበት አገር ነው፤ እኛ ስንደርስ ክብረ በዓሉ ካለፈ ወር ሊሞላው ነበር። የችካል ቀዳዳው ገና አልተደፈነም። የእኛን ችካል በሰው ቀዳዳ ተከልን።

የእህቴ ልጅ እዚህ የአሜሪካኑን ዘዴ አሳየን። ሁለት ዛፍ መሃል ከራስ በላይ ገመድ ይወጥራል፤ የፈረሶቹ ማሰሪያ ከዚያ ይንጠለጠላል። ፈረሱ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ይተኛል፣ ግን እግሩ በገመድ አይጠለፍም። ባልደራስ ዞር ዞር ብሎ አየና «ጥሩ ነው፤ ዛፍ ባለበት» አለ። ይህን አባባል ሐረር ላይ አስታውሰነዋል።

ድርቆሽ ስንፈልግ አንዲት እናት የማሽላ አገዳ ሸጡልን። ሸክሙ 100 ብር። ሐረርጌ የከብት መኖው አገዳ ነው፤ እንደ እኛ አገር ጭድና ድርቆሽ በየበሩ አይቆለልም። ፈረስ ደግሞ መኖ በድንገት ሲቀየርበት ሆዱን ይቆርጠዋል። ማስታወክ የማይችል እንስሳ ነው፤ የገባው ካልተስማማው መውጫ የለውም። ስለዚህ ከቤት ከያዝነው ድርቆሽ ሦስት እጅ፣ ከአገዳው አንድ እጅ እየቀላቀልን ሰጠን። የደረቀውን ብቻ።

ማታ እሳት ስናነድ አንድ አባት መጥተው አጠገባችን ቁጭ አሉ። ዳማውን ብዙ አዩት።

«ማን ይባላል?»

«ዳማ» አልኩ።

«እሱ መልኩ ነው። እኔ የጠየቅሁት ስሙን ነው።»

አፈርኩ። ሌላ ቦታ ቢሆን ምንም አልነበረም። ይህ ግን ቁልቢ ነው። ገብርኤልን ያሠሩት ራስ መኮንን «አባ ቃኘው» የሚባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በ1898 ዓ.ም. ያረፉትም እዚሁ ነው። ሰውየው ይህን አልነገሩኝም፤ እንደማውቀው ገምተዋል። «ስም የሌለው ፈረስ ይዞ ሐረርጌ ይገባል?» ብለው ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ብርዱ የሱሉልታን ያህል ነው። ፈረሶቹ ደስ ብሏቸው አደሩ። የነገውን አላወቁ።

ጥር 16፤ የደንገጎ ቁልቁለት

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኝ ሐረር፣ ግራ ድሬዳዋ። ወደ ግራ ታጥፈን ወረድን።

ቁልቁለት ላይ ተሳቢ መኪናውን ይገፋዋል። የተጫነው ድንጋይ ቢሆን ደህና፤ ፈረስ ግን ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር መሪው እጅህ ውስጥ ይሰማሃል። ዳማው መታጠፊያው ላይ ሲደገፍ መኪናው በዚያው ይሄዳል። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚለውን የድሮ ሹፌሮች ምክር ይዤ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። እንደዚያም ሆኖ ግማሽ ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። ቆምን። ባልደራስ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገ። ሃያ ደቂቃ አቀዘቀዝን። ከኋላችን የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ራሱን በመስኮት አወጣ።

«ምንድን ነው የጫንከው?»

«ፈረስ።»

«እና ለምን በእግሩ አይወርድም?»

መልስ አልነበረኝም። እውነትም በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አውርደን ባልደራስና የእህቴ ልጅ እየጎተቱ በእግር ቢያወርዷቸው ይሻል ነበር። የመንገዱ ዳር ግን ጠባብ ነው። ተወው።

እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሙቀቱ በአንድ ልብስ ይጨምራል። እኔ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ከዚያ ሹራቤን፣ ታች ስንደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። ፈረሶቹ የሚያወልቁት የላቸውም። የክረምት ጸጉራቸውን እንደለበሱ ነው ድሬ የገቡት። አንገታቸው ሥር ላቡ አረፋ ሠርቶ ነበር።

ጥር 16 እና 17፤ ድሬዳዋ

ያረፍነው ከዚራ፣ የወዳጄ አባት ግቢ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ትልልቅ ዛፍ፣ ጥላ። ከዚራ ባቡሩ የሠራው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የለበሰ። ከተማዋ ራሷ ባቡሩ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። አዲስ አበባን ለለመደ ሰው መንገድ እንዲህ ቀጥ ብሎ ማየት ያሳርፋል።

እውነቱን ለመናገር የእህቴ ልጅ ግቢ ውስጥ ማደር አልፈለገም። ደቻቱን አይቶ ልቡ ሄዶ ነበር። ደረቅ የወንዝ አሸዋ፣ ሰፊ፣ ለስላሳ፤ ለፈረስ ሰኮና ፍራሽ ማለት ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ነው ካምፕ» አለ። አባባ ይህን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«አሸዋው ላይ አይታደርም። አቦ፣ አይታደርም!»

ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አባባ ያን ሌሊት ጣሪያ ላይ ነው ያነጉት። የሚያስፈራው ነገር ይላሉ፣ ድሬ ላይ ዝናብ ሳይኖር ጎርፍ መምጣቱ ነው። የሚዘንበው እኛ ዛሬ የወረድነው ተራራ ላይ ነው፤ ውሃው የሚደርሰው የተኛ ሰው ጋ ነው። ጥር ላይ ዝናብ የለም ብሎ የእህቴ ልጅ ሊከራከር ጀመረ። ዓይኔን አየና ተወው።

ግቢ ውስጥ ገብተን ባልዲ አቀረብን። ዳማው አሸተተ። ከንፈሩን ነከረ። ባልዲውን በአፍንጫው ገፍቶ ደፋው። ሁለተኛ ሞላን፤ ደፋ። ሦስተኛ፤ ደፋ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል። የአባባ ማንቆርቆሪያ ውስጡ በነጭ ድንጋይ ተለስኗል፤ ጣትህን ብታስገባ ይፈረፍርልሃል። ሰው ይለምደዋል። በላብ የደረቀ ፈረስ ግን ካልጠጣ ሆዱ ይቆማል፤ ያ ደግሞ ሞቱ ነው።

እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ ሁሉም «ሲጠማው ይጠጣል» ይላሉ። አይጠጣም። ባልደራስ ቁልቢ ላይ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ነበር፤ እኔ ለምን ሸክም ታበዛለህ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ያንን አወጣ። ግማሽ የቁልቢ፣ ግማሽ የድሬ፣ ላዩ ላይ ሁለት እፍኝ ፉርሽካና ትንሽ ጨው። ዳማው ፉርሽካውን ሊለቅም አፉን ከተተ። ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ሃያ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ። ጠባዩን አስተካክሎ ባልዲውን እስከ ታች ላሰ። በማግስቱ ሩቡ ብቻ የቁልቢ ነበር፤ ማታ ላይ የድሬን ብቻ ጠጣ።

ይህን ሁሉ አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ነበር። በወጣትነታቸው ጋሪ ነበራቸው፤ ባጃጅ ሳይመጣ።

«ይሄማ ስሙ እምቢ ነው» አሉ።

በቃ። ስም ወጣለት። እኔም በዚያው ምሽት «አባ እምቢ» ሆንኩ። ባለቤቴ ስልክ ላይ ስትሰማ «ገና አሁን ነው ያወቁህ?» አለች።

ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁም ሰዉም በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል። እኛ አገር ይህ ስንፍና ነው የሚባለው፤ ሁለት ቀን ብትቀመጥ ግን ትክክሉ ይሄ እንደሆነ ይገባሃል። ፈረሶቹም ሳይነገራቸው ገብቷቸው ጥላ ሥር አንድ እግራቸውን አሳርፈው ቆሙ። አመሻሽ ላይ ከተማው እንደገና ይነሳል። ከፊራ ገበያ ሄደን ሳምቡሳ በላን፣ ሙሸበክ በወረቀት ጠቅልለን ለአባባ ይዘን ተመለስን። ሙሸበኩ ከዘይት እንደወጣ፣ ሲነክሱት ሽሮፑ አገጭ ላይ የሚፈስ ነው። ሦስታችን ሻይ ጨምረን 240 ብር ከፈልን።

ማታ ማታ ባልደራስ ግቢው ውስጥ እርጥብ ቅጠል እያጨሰ አስለቀሰን። ምክንያት ነበረው። የፈረስ በሽታ የሚሉትን ገዳይ በሽታ የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት፤ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ የምትወደው ደግሞ ሞቃት አገር ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ከመውጣታችን ከወር በፊት አስከትበናል። «ክትባቱም ይኑር፣ ጭሱም ይኑር» አለ ባልደራስ። አባባ ብቻ በጭሱ ደስ አላቸው፤ ጋሪያቸውን አስታወሳቸው።

ጥር 18፤ ወደ ሐረር

ሌሊት 11 ሰዓት፣ ገና ሳይሞቅ ጫንን። እምቢ በአስር ደቂቃ ገባ። የእህቴ ልጅ ሰዓቱን በስልኩ ፎቶ አነሳ።

ድሬዳዋ ከባሕር በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነች፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዳገቱ ለመኪናው ከባድ፣ ለፈረሶቹ ግን በየደቂቃው ደስታ ነበር። ሐረማያ ላይ ቆምን። ያ ሐይቅ ደርቆ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት በነበረበት ዘመን አልፌ አውቃለሁ፤ አሁን ውሃ ይዟል። ዳሩ ላይ የመስኖ ፓምፕ ይንጎደጎዳል። እምቢ እዚህ ማንም ሳይለምነው ጠጣ።

አወዳይ ላይ ነገር ተበላሸ። ገበያው የጫት ነው፤ መንገዱን ሞልቶ አስፋልት ላይ ፈሷል። ጫት የጫኑት አይሱዙዎች «አልቃይዳ» የተባሉት በከንቱ አይደለም። አንዱ ከጎናችን ሲያልፍ ጡሩምባውን ለቀቀው። እምቢ የኋላ እግሩን ወረወረ። የተሳቢው ጎን ሳህን የሚያህል እብጠት አወጣ፤ አሁንም አለ። ዳር ይዘን ወርደን እግሩን ዳበስን። ከሰኮናው በላይ ተላጧል፤ ሌላ ምንም የለም። ይህን ስናይ ቦራ በመስኮቷ በኩል አንገቷን አስግጋ የአንዲት ሴትዮ ገራባ፣ የጫት ትራፊ፣ ትበላ ነበር። ሴትዮዋ ሳቀች። «ተዋት፣ ፍየሎቹም ይበሉታል» አለች። ባልደራስ ግን ከአፏ ውስጥ በጣቱ አወጣ። ምርቃና ላይ ያለች ባዝራ ይዞ ሐረር መግባት አልፈለገም።

ጥር 18 ማታ፤ ሐረር

አባባ ደውለው ያገናኙን አንድ ሐጂ ግንቡ ውጪ ግቢ አላቸው። እዚያ ገባን። ግቢው ንጹሕ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ ዛፉ ግን አንድ የፓፓያ ተክል ብቻ። የአሜሪካኑ ገመድ ሁለት ዛፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ፈረሶቹን ተሳቢው ላይ አሰርን። ተሳቢው ፒክአፑ ላይ ታስሯል። እኛ ፒክአፑ ላይ ተኝተናል። ቀጥሎ የሚመጣው ግልጽ ሳይሆንላችሁ አይቀርም።

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንላለን። ሐረር ላይ ጅቡን ያውቁታል፣ ቁርበቱንም ያነጥፉለታል። ግንቡ ራሱ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ጅቡን ወራባ ይሉታል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ሥጋ በእንጨት ጫፍ፣ እንጨቱን በአፋቸው ይዘው የሚያበሉት ሰዎች እንዳሉ ሁሉም ሰምቷል። ሐጂ ስለ ጅብ ሲያወሩ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። «ሌሊት ይመጣሉ፤ ቆሻሻውን ያጸዳሉ፤ ይሄዳሉ። የግቢው በር ብቻ ይዘጋ።»

እምቢ ይህን አልሰማም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጩኸት ከግንቡ በኩል መጣ፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው ያ ድምፅ። እምቢ አንገቱን ቀና አድርጎ ሳበ። ተሳቢው ተነቃነቀ። አልጋችን ተነቃነቀ። ሁለተኛው ከአጥሩ ሥር መለሰለት። ፈረሶቹ ሁለቱም ሳቡ። እኛ እንደ ጀልባ ተንሳፈፍን። ሱሉልታም ጅብ አለ፤ ግን ይፈራል፣ ከሩቅ ይጮኻል። ይኸኛው የአጥሩን ድንጋይ ሲያሸት እስትንፋሱ ይሰማ ነበር።

ባልደራስ ወርዶ በሁለቱ ፈረሶች መሃል ቆመ። እጁን ጋማቸው ላይ አድርጎ በኦሮምኛ እያንጎራጎረ እስኪነጋ አልተንቀሳቀሰም። ጠዋት ሐጂ ሆጃ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። የቡና ገለባ ከወተት ጋር፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። እኔ ጨው ያለበት ወተት አልወድም። ያን ጠዋት ሦስት ሲኒ ጠጣሁ። «እንዴት አደራችሁ?» ሲሉ ባልደራስ ጎንበስ ብሎ «በሰላም» አለ፤ ቀና ሳይል እንቅልፍ ወሰደው።

ጥር 19፤ ፈረስ መጋላ

የጉዞውን ሁሉ ድካም የከፈለኝ ይህ ቀን ነው።

የጁገል መሃል አደባባይ ስሙ ፈረስ መጋላ ነው። መጋላ ገበያ ማለት ነው። የፈረስ ገበያ። ዛሬ ባጃጅና ልብስ ሻጭ የሞላበት ነው፤ ፈረስ የሚባል የለም። የእህቴ ልጅ «ፈረስ ይዘን መጥተን ፈረስ መጋላ ሳንገባ?» አለ። ለአንዴም ቢሆን ትክክል ነበር።

በማለዳ ታጥበው፣ ጋማቸው ተበጥሮ ወጣን። ራስ መኮንን አደባባይን አለፍን። ባለፈረሱ ሐውልት የነበረበት ነው፤ በ2012 ወድቋል። እምቢ ቆም ብሎ መንገድ ዳር ሣር ነጨ። ከዚያ በሐረር በር ገባን። አምስቱ የጥንት በሮች ለመኪና አይሆኑም፤ ይኸኛው በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። ሰንጋ በር የሚባልም አለ። ሰንጋ ፈረስ ይዤ በዚያ አለመግባቴ ቆጭቶኛል።

አልተቀመጥንባቸውም፤ እየሳብን በእግራችን ነበር። ልጆች መከተል ጀመሩ። አምስት፣ አሥር፣ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ባጃጆቹ ቆሙ። አንድ ሹፌር ወርዶ «ገበያው ተመለሰ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። አንዲት ቅርጫት የተሸከሙ አዛውንት ሴት ግን አልሳቁም። ቅርጫቱን አውርደው ወደ ቦራ መጡ። መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ፣ ነጩ ምልክቷ ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ስኳር ፈትተው በመዳፋቸው አበሏት። ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ቅርጫታቸውን አንስተው ወደ ጠባቡ መንገድ ገቡ።

ዋጋ የጠየቀም ነበር። እምቢን 70,000 ብር አሉት። «ስሙስ?» አለ ሰውየው። ነገርኩት። «ስልሳ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዘመዳቸው ቤት ወሰዱን። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው፤ ከፍ ዝቅ ያለው መደብ፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌትና ሳህን። እዚያ ፍራሽ ላይ ጋደም ስል የሁለት ሌሊት እንቅልፍ አንድ ላይ መጣብኝ። እንግዳ ሆኜ አንኮራፍቻለሁ፤ ማንም አላነሳብኝም።

ጥር 20፤ ባቢሌ

ፈረሶቹን የምንጋልብበት ቀን ነበር። ባቢሌን አልፎ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ የዳካታ ሸለቆ አለ። ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደራርቦ የቆመበት፤ ንፋስ የሚገፋው የሚመስል፣ ግን የማይወድቅ። ከባቢሌ ወዲያ አወረድናቸው፣ ኮርቻ ጫንን፣ ወጣሁ። ሶምሶማ ጀመርን። ጥሩ ነበር። ለሩብ ሰዓት።

ከዚያ ግመሎቹ መጡ። ሠላሳ ይሆናሉ። ንፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ ነበር። ግመል አይቶ ለማያውቅ ፈረስ ሽታው ብቻ ይበቃል። እምቢ በረገገ። ሁለቱን እግሩን አነሳ፣ ዞረ፣ ሽምጥ ነካው። እኔ የግራር ቁጥቋጦ ውስጥ ቀረሁ። እሾህ የት የት እንደገባ አልጽፍም።

የግመሎቹ እረኛ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። «ወሪያ!» እያለ ሮጦ መጣ፤ እየሳቀ ነበር፤ ከእሾኹም ያወጣኝ እሱ ነው። ባልደራስ እምቢን ይዞ ሲመለስ ልጁ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው። አንዷን ግመል ነጥሎ ከዛፍ ሥር አንበረከካት። እምቢን ከሩቅ አቆምነው። ይበላ ዘንድ ሣር ሰጠነው። እሱ ሲበላ አምስት እርምጃ አስጠጋነው። ሲበላ፣ አምስት እርምጃ። ሰዓቱ ሄደ። ልጁ በዚህ መሃል የግመል ወተት በቅል አቀረበልኝ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ቀጭን ነው፣ ጥም ይቆርጣል። 10 ሰዓት ላይ እምቢ ግመሏን አሸተታት። እሷ ማመንዠኳን አላቋረጠችም።

ዳካታን ያየነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት። ፎቶዎቹ ሁሉ ጨለማ ናቸው።

ባቢሌ የለውዝ አገር ነው። መንገድ ዳር ከነቅርፊቱ በጆንያ ይሸጣል። ኪሎውን በ180 ብር ገዛን። ባልደራስ ሁለት ሦስት ፍሬ ፈልፍሎ እምቢ አፍ ላይ አደረገ። ፈረሱ ቆም አለ። አኘከ። ከዚያ አንገቱን ባልደራስ ኪስ ውስጥ ከተተ። ያን ማታ ተሳቢው ውስጥ በራሱ ገባ፤ ባልደራስ ቀድሞ ገብቶ ለውዝ እየፈለፈለ ነበር።

መልስ

በሦስት ቀን ተመለስን። ደንገጎ፣ ጭሮ፣ አዋሽ። አንድ ጎማ ፈነዳ፤ ክሪኩ ተሳቢውን ከነፈረስ አላነሳም፤ አውርደናቸው ቀየርን። ሌላ የሚወራ የለም። ሁለቱም ከስተዋል፤ ኮርቻቸው በሁለት ቀዳዳ ጠበቅ ብሏል። አሁን እየመለሱ ነው።

የእህቴ ልጅ ቀጣዩን እያሰበ ነው፤ አርሲ ይላል፣ ባሌ ይላል። ተሳቢው ግቢ ቆሟል። ዶሮዎቹ ጭዱ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀምረዋል። እምቢ ጠዋት ጠዋት ከገብሱ በፊት የሁላችንንም ኪስ ይፈትሻል። እዚህ የለውዝ ኪሎ 380 ብር ነው።